በባጃጅ ባትሪ የታጀበው ሰርግ

ባለፈው እሑድ ወልድያ ውስጥ የአንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ልጅ ሰርግ ላይ ተቀምጬ ሳለ መብራት ድርግም አለ። አዳራሹን የሞላው ሰው አንዴ "ኧረ!" ብሎ፣ የስልኩን ባትሪ አብርቶ መብላቱን ቀጠለ። መብራት መጥፋት ለእኛ አገር ሰው ምኑም አይደለም። ጄኔሬተሩ ተነስቶ አምፖሎቹ ሲበሩ ግን መድረኩ ላይ ያለው ሙዚቀኛ ኦርጋኑ ላይ አጎንብሶ ቁልፎቹን በጥድፊያ ሲነካካ አየሁት። ይሄኔ ሳላስበው አንገቴን ቀበርኩ። ትከሻዬ ጆሮዬ ስር ደረሰ፣ እጄ የባለቤቴን ክንድ ጨመደደ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ።

"ደሞ ያ ኦርጋን ትዝ አለህ?" አለችኝ ባለቤቴ፣ ክንዷን እያሻሸች።

እውነቷን ነው። እሱ ነው ትዝ ያለኝ።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ቤታችን መርሳ ነው። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲገፋ፣ እኛም እንደ አገሩ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ውርጌሳ፣ ከዚያ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ዘመድ ወደሌለን አገር እየተገፋን ሄድን። ስንመለስ ታኅሣሥ እየተጋመሰ ነበር። የቤታችን በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል። ታላቅ እህቴ እመቤት ለትዳሯ ብላ ያጠራቀመችው አንሶላና ድስት፣ ብርጭቆና ምንጣፍ አንዱም የለም። የማንጎው ዛፍ ብቻ፣ የሆነውን ማንም ያልነገረው ይመስል፣ አበባውን ተሸክሞ ቆሟል።

የእመቤት ሰርግ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ሁለት ጊዜ ቀርቷል። እጮኛዋ ደረጀ ወልድያ የሚያስተምር መምህር ነው። እኛ ስንሸሽ እሱ እዚያው ስለቀረ፣ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ወራት አለፉ። ሲገናኙ እንኳ አላለቀሰችም፤ "ከሳህ" ብቻ አለችው። ድሮ ሳቋ ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ የሚሰማ ልጅ ነበረች። ከመንገድ የተመለሰችው እመቤት ግን የተጠየቀችውን ብቻ የምትመልስ፣ በር ሲንኳኳ የምትነጣ ሌላ ሰው ናት።

ስለዚህ እናቴ "ሰርጉ ከሁዳዴ በፊት ይሁን" ብላ ስትወስን የተከራከራት የለም።

"በምን አቅማችን?" ብላት፣

"ባለችን" አለችኝ። "ዘፈን ግን ይኑር። ያለ ዘፈንማ ተሰብስቦ መብላት ተዝካር ነው።"

ችግሩ ዘፈኑ ነበር። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ነዳጅ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየተሰፈረ በድብቅ የሚሸጥበት ጊዜ ነው። በወረዳችን በሀብሩ ሰርግ ሲያደምቅ የኖረው ጋሽ ካሳ የሚባል የወልድያ ሰው ነበር። ኦርጋን ተጫዋች ነው። ኦርጋን የምንለው ያንን ጠፍጣፋ ኪቦርድ ነው፤ ግራ እጅ አንድ ቁልፍ ሲይዝለት ከበሮውንም ቤዙንም ጊታሩንም ራሱ እያጀበ የሚሄደውን። ጋሽ ካሳ ብቻውን መጥቶ ባንድ ሆኖ ነበር የሚያመሸው።

እሱን ፍለጋ ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር በባጃጁ ወደ ወልድያ ወጣን። የሰይድ ባጃጅ በመርሳ የታወቀችው በፍጥነቷ አይደለም፤ በድምፅ ማጉያዋ ነው። ከኋላ ወንበር ስር ሁለት ትልልቅ ስፒከር አስገጥሞ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮው እየጮኸ ይወርድ ነበር። በሽሽቱ ወቅት በገለባ ሸፍኖ ደብቋት ስለተረፈች፣ ሲነዳት እንኳ በእጁ ይደባብሳታል።

ጋሽ ካሳ በሩን በግራ እጁ ከፈተልን። ቀኝ እጁ በጀሶ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ስሸሽ ከጭነት መኪና ላይ ወደቅሁ" አለን፣ ሳንጠይቀው።

"ኦርጋኑስ ጋሼ?"

"እሱ ከእኔ ይሻላል። ኑ።"

ወደ ጓዳ ወስዶ ጎታ አሳየን። ኦርጋኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ማሽላ ውስጥ ቀብሮት ነበር የሄደው። "ማሽላውን ወስደውታል፤ ደግነቱ ከላይ ከላዩ ነው የቀዱት" አለ። ስናወጣው ላስቲኩ ተቀዶ ኖሮ፣ ገልበጥ ስናደርገው ከቁልፎቹ መሀል ማሽላ ተንኮሻኮሸ፤ ተከትሎም አንድ ነቀዝ ወጥቶ እየተዝናና ሄደ።

"አንተ ትጫወትበታለህ" አለኝ ጋሽ ካሳ።

"እኔ? እኔ የምችለው ማጨብጨብ ነው!"

"ታዲያ ምት ታውቃለህ ማለት ነዋ። ሌላው በጣት ነው፤ ጣት ደግሞ ከእኔ የበለጠ አለህ።"

ትምህርቱ እዚያው ጓዳ ውስጥ፣ የባጃጇ ባትሪ ተፈትቶ ገብቶ ተጀመረ። ሰይድ የኦርጋኑን ጀርባ አንብቦ "የሚፈልገው ኃይል ከባጃጅ ጋር አንድ ነው፣ አብሽር" አለና ሁለት ሽቦ አሰረ። የኦርጋኑ ትንሿ መስኮት ሰማያዊ መብራት ስታበራ ሦስታችንም ተጠግተን አየናት። በዚያ ሰሞን አምፖል እንኳ አላየንም።

"ግራ እጅህ አለቃ ነው" አለ ጋሽ ካሳ። "በአንድ ጣት ካዘዝከው ባንዱ ይከተለዋል። ቀኝ እጅህ ዘፋኝ ነው። ጥቁር ጥቁሮቹን ብቻ ንካ። ጥቁሮቹ ላይ ወዴትም ብትሄድ ትዝታ ነው። ነጩን ከነካህ ግን ወሎን ለቀህ ወጣህ።"

ለዘፋኙ ድምፅ ሲከብድ ቅኝቱን በአንዲት ቁልፍ ከፍና ዝቅ ማድረግንም አሳየኝ። አስቸጋሪው ምቱ ነበር። መሣሪያው ውስጥ የዓለም ጭፈራ ሁሉ ተሞልቷል፤ የእኛ ብቻ የለም። ጋሽ ካሳ በዓመታት የቀረጻቸው የአገር ቤት ምቶች በፍላሽ ነበሩ፤ ፍላሹ ከሌላው ዕቃ ጋር ሄዷል። ብዙ ካገላበጥን በኋላ ፈረንጆች ሻማ አብርተው ተቃቅፈው የሚወዛወዙበት ዓይነት ቀርፋፋ ምት ላይ ደረስን።

"እሱን አፍጥነው" አለኝ። "ጨምር። አሁንም ጨምር!"

ሲፈጥን ያ ሰነፍ ምት ድንገት ነቃ። የሰይድ ትከሻ ከእሱ ፈቃድ ውጭ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ካሳ በተሰበረው እጁ ሊያጨበጭብ ቃጥቶ "ወይኔ!" ብሎ ተቀመጠ።

መርሳ ወስጄው ጠዋት ማታ ስለማመድ ሰነበትኩ። ሁለት ቁልፎች ማሽላ ይዘው በመቅረታቸው ስነካቸው ቆርጠም ይላሉ፤ ለመድኳቸው። የድምፆቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ስሞክር ደግሞ ፋብሪካው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ወደ መጨረሻው ዋሽንትና ክራር የሚመስለው አልቆ የወፍ ጫጫታ መጣ። ቀጥሎ ስልክ ጠራ። እውነተኛ የቤት ስልክ!

እናቴ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ከጓዳ ተወርውራ ወጣች። "አንሳው! አንሳው! ወንድሜ ይሆናል!" አዲስ አበባ ያለው አጎቴ እስከዚያ ቀን መትረፋችንን አያውቅም። በአጥሩ በኩል ጎረቤቶች "ኔትወርክ ተለቀቀ?" እያሉ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው መጡ።

"ኦርጋኑ ነው እማዬ" አልኳት።

"ምን አለ ታዲያ?" አለችኝ።

ሲገባት በሊጥ እጇ ጀርባዬን አቀመሰችኝ። ከስልኩ ቀጥሎ ያለው የሄሊኮፕተር ድምፅ ሲሆን፣ ሰይድ ፊቱ አመድ መስሎ "ወላሂ ይሄን ዝጋው!" አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ላንነካ ተማምለን ተውነው።

የሰርጉ ቀን ፀሐዩ ገና በማለዳው የመርሳን ሜዳ ያነድ ነበር። ጤፍ ስለጠፋ እንጀራው የማሽላ ቅልቅል ነው፤ ጠላው ግን እናቴ ያለ የሌለ ኃይሏን ያፈሰሰችበት። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንደ ወጉ ለብቻ ታርዶ፣ በሼህ እንድሪስ ቤት ተሠርቶ መጥቷል። ሼህ እንድሪስ አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን አማካሪ ናቸው። ባጃጇ በአበባ አጊጣ ዳሱ አፍ ላይ ቆማለች፤ ኦርጋኑ ከባትሪዋ ኃይል፣ ከስፒከሮቿ ድምፅ ይወስዳል። አንድ ሁለት ዘፈን አስኬድኩ። ሰው አጨበጨበ። አንዲት አክስቴ "ይሄ ልጅ ሥራ አገኘ" ስትል ሰማሁ።

እመቤት ነጭ ለብሳ ከደረጀ ጋር ስትወጣ፣ ሰይድ ባትሪው እንዳይደክም ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ሲነሳ ኃይሉን ስለሳበው ኦርጋኑ ያን ጊዜ እልም አለ። ተመልሶ ሲበራ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶ የድምፆቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ያለው ፒያኖ ላይ ተቀምጧል። ምቱን በጥድፊያ ፈልጌ መልሼ አፈጠንኩት። ሙሽሮቹ ቆመዋል፣ እናቴ በዓይኗ ትገርፈኛለች። ማሲንቆ የሚመስለውን ድምፅ ፈልጌ ወደ ፊት ልሄድ ስል፣ ላብ ያጠመቀው ጣቴ ወደ ኋላ የምትወስደዋን ቁልፍ ተጫነ። ከመጀመሪያው ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚደረሰው መጨረሻው ላይ መሆኑን ጋሽ ካሳ አልነገረኝም። መስኮቷን ሳላይ በግራዬ ባንዱን አዘዝኩ፣ በቀኜ ጥቁሮቹን በሙሉ ጉልበቴ መታሁ።

ድው! ድው ድው! ድው!

ተኩስ ነበር። ከሁለት ትልልቅ ስፒከር የወጣ ተኩስ፤ በቀጭኑ በኩል ክላሽ፣ በወፍራሙ በኩል መድፍ።

ዳሱ ውስጥ የቆመ ሰው አልቀረም። አግዳሚ ወንበሮች ተገለበጡ፣ ሚዜዎቹ አጥር ዘለው የጎረቤት ማንጎ ውስጥ ገቡ፣ ወጥ የምታወጣው ሴት ጭልፋዋን እንደ ጋሻ ይዛ ተኛች። ደረጀ እመቤትን ጎትቶ ከጠረጴዛው ስር ከተታትና ላይዋ ላይ ወደቀ። ጥሪ አክብሮ የመጣ አንድ ሚሊሻ ከቢራ ሳጥኖች ኋላ ቦታ ይዞ "የተኮስከው! እጅ ወደ ላይ!" አለ። መሣሪያውን ሲያቀባብል ሰማሁ። በዚያች ቅጽበት በሰርግ ቤት መሞቴ ነው ብዬ ነበር።

ሁለት እጄን አነሳሁ። ከበሮው ግን አላቆመም። ያ ያፈጠንነው ምት፣ የተኛውን ሰው ሁሉ እየዞረ፣ ደስ ብሎት ይመታል።

"ኦርጋኑ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ላሳየው ብዬ በአንድ እጄ ያችኑ ወደ ኋላ የምትወስደውን ቁልፍ ደገምኳትና አንድ ድምፅ ነካሁ። ከባጃጇ ውስጥ የብዙ ሺህ ሰው ጭብጨባና ፉጨት ፈነዳ። ሚሊሻው አፈሙዙን ወደ ባጃጇ አዞረ። ሰይድ ሄሊኮፕተሩ እዚያው አካባቢ መሆኑ ትዝ ብሎት ኖሮ፣ "በአላህ!" ብሎ ዘሎ ሽቦውን ነቀለው።

ከበሮውም ቆመ።

ያልተነቃነቁት ሼህ እንድሪስ ብቻ ነበሩ። ከነጉርሻቸው ተቀምጠዋል።

"ሼሁ፣ ምነው ሳይተኙ?" አለቻቸው እናቴ፣ ከመሬት ቀና ብላ።

"ባለፈው ስሸሽ ምሳዬን ጥዬ ነበር" አሉ፣ አኝከው ሲጨርሱ። "ዛሬስ በልቼ ይግደሉኝ ብዬ ነው።"

ያኔ ከጠረጴዛው ስር ሳቅ ተሰማ። መጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ከዚያ "ደረጀ፣ ተነስልኝ፣ ጨፈለቅኸኝ!" አለችና እንደገና በሳቅ ወደቀች። ያ ጎረቤት የሚያቋርጠው፣ ካጣነው የቆየው ሳቅ ነበር። ስትወጣ ነጩ ልብሷ ጠላ ጠጥቷል፣ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል፣ መቆም አቅቷት የጠረጴዛውን እግር ይዛለች። እናቴ ይዛብኝ የመጣችው ቁጣ መንገድ ላይ ቀርቶ እልልታ ሆነ። ሚሊሻው ጥይቱን አወጣና ቢራ ከፈተ።

"ጭብጨባውን ድገመው!" አለች እመቤት።

ሰይድ ሽቦውን መልሶ አሰረልኝና ደገምኩት። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ እስክትወርድ ድረስ ተጫወትኩ። ብዙ ጊዜ ነጩን ነክቻለሁ፤ ወሎን ለቅቄ መውጣቴን ግን የተመለከተ አልነበረም።

ኦርጋኑን ስመልስ ለጋሽ ካሳ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶታል። "ለመሆኑ የተኮስከው በምን ቅኝት ነው?" አለኝ።

"በትዝታ።"

"እንግዲያስ ተምረሃል" አለኝ።

በዚያው ዓመት ክረምት ተኩሱ በስተሰሜን እንደገና ተሰማና ጓዛችንን እንደገና ጠቀለልን። ያኛው እውነተኛ ነበር፤ የሳቀም የለም። እንደገና ተመለስን፤ በሩን እንደገና ገጠምን።

ያለፈው እሑዱ ሙዚቀኛ ድምፁን አግኝቶ አዳራሹ ሲነሳ፣ እኔም ከባለቤቴ ጋር ተነሳሁ። እየጨፈርኩ አስብ ነበር። የእመቤት ልጆች አሁን ከፍ ከፍ ብለዋል። "ስለ ጦርነቱ ንገረን" ሲሉኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ስለ መንገዱ፣ እዚያ ስላየነው፣ እናታቸው ለምን ያን ያህል ዝም ብላ እንደነበር አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን እመቤትን "ንገሪያቸው እንጂ" ብያት ነበር። "ይደርሱበታል" አለችኝ። እስኪደርሱበት፣ ለእነሱ ጦርነት ማለት እናታቸው ሙሽራ ሆና ጠረጴዛ ስር የሳቀችበት ቀን ነው። ውሸት ነው እንዳልላቸው፣ እኔም እዚያ ነበርኩ።