ወርቃማዋ ዓሣ የታከመችበት ጥር

ባለፈው ሳምንት አዳማ ውስጥ፣ ታክሲ ላይ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት «ወራጅ» ለማለት መስኮቱን በቀለበቷ መታችው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ረዳቱ ዞር እንኳ አላለም። እኔ ግን ሳላስበው «ተይ፣ ትደነግጣለች!» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ማን ናት የምትደነግጠው? ታክሲው ውስጥ የተኛ ሕፃን አልነበረም። ከወረድኩ በኋላም ያ የቀለበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ፣ ቤቴ እስክደርስ ድረስ ያሰብኩት ስለዚያች ዓሣ ነበር።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ፣ ደብረ ብርሃን አክስቴ ጸጉር ቤት ውስጥ ጸጉር አጥብ ነበር። ወላጆቼ የሚኖሩት መዘዞ ነው፤ እኔ ለትምህርት ብዬ ከአክስቴ ጋር ነበር የምኖረው። ወሩ ጥር ነው፤ ጧት ጧት ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ያድራል። ሴቶቹ ለጸጉራቸው ሳይሆን ለጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሙቀት የመጡ ይመስል፣ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ወረፋ ይይዙ ነበር። ከበሩ ስትገቡ የሻምፑና የተተኮሰ ጸጉር ሽታ ይቀበላችኋል። ከዚያ የስፒከሩ ዘፈን፣ ከዚያ የካስኩ ጉርምርምታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአክስቴ ድምፅ። አክስቴ ምስጢር ስታወራ እንኳ ጎረቤት ይሰማል ይባል ነበር።

የዓሣውን ገንዳ ያመጣችው እሷ ነች። ለዕቃ አዲስ አበባ ወርዳ፣ ዓሦቹን ውኃ በሞላበት ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ ይዛቸው መጣች። «ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ምን ይይ? ግድግዳ?» አለች። ሁለት ትንንሽ ቀያዮች፣ አንድ ትልቅ ነጭ፣ አንዲት ደግሞ ወርቃማ ነበሩ። የወርቃማዋ ጅራት ረጅምና ስስ ስለሆነ፣ ስትዋኝ እንደ ነጠላ ጫፍ ከኋላዋ ይንሳፈፋል። ደንበኞቹ ወደዷቸው። መውደዳቸውን የሚገልጹት ግን መስታወቱን በማንኳኳት ነበር። በጥፍር፣ በቁልፍ፣ በቀለበት፤ የገባ ሁሉ ያንኳኳል።

ከእኔና ከአክስቴ ሌላ ሹሩባ ሠሪ ነበረች። ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማችን መጠለያ ከሚኖሩት አንዷ ነች፤ ከወንድሟ ጋር ነው የመጣችው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እታለም» እላት ነበር። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው፤ ንግግሯ ግን ከ«እሺ» እና ከ«ጨረስኩ» አያልፍም። አክስቴ «ይቺ ልጅ ኩሩ ናት» ትለኝ ነበር። እኔም አምኜ ነበር።

አንድ ጧት መብራት ሳበራ ወርቃማዋን ከገንዳው ጥግ ተለጥፋ አገኘኋት። ያ ጅራቷ ተተልትሏል። ጎኗ ላይ ቅርፊቷ ተነሥቶ ሥጋዋ ይታያል። መተንፈሻዋ ሩጫ ላይ እንዳለ ሰው ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«ነጩ ነው የነከሳት» አለች አክስቴ። «ገና ከፌስታል ሲወጣ ዓይኑን አልወደድኩትም።»

እኔ ነጩ ሲነክስ አይቼ አላውቅም። እንግዲህ ምን ጎዳት? ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነብኝ። ጸጉር የማጥበው ሰው ሲያልቅ ዱካዬን ይዤ ገንዳው አጠገብ እቀመጥ ጀመር። ነጩ ቀኑን ሙሉ ጠጠር እያነሣ ከመትፋት በቀር ሥራ አልነበረውም። ከሰዓት በኋላ ከባንክ የመጣች ደንበኛ ጎንበስ ብላ መስታወቱን በቀለበቷ ቆረቆረችው። ዓሦቹ ተበታተኑ። ወርቃማዋ ደግሞ ወደኋላ ተስፈንጥራ፣ ለጌጥ ከገባው የፕላስቲክ ቤተ መንግሥት ጋር ተጋጨች። እጄን ውኃው ውስጥ ከትቼ የቤተ መንግሥቱን መስኮት ስዳስሰው ጠርዙ እንደ ቢላ ነበር።

ገና እጄን ሳላደርቅ መብራት ሄደ። አክስቴ በጓሮ በር ወጥታ ጀነሬተሩን አስነሣችው። ጀነሬተሩ አሮጌ ስለነበር ሲነሣ መጀመሪያ እንደ ተኩስ ይጮኻል። ጓ! ዓሦቹ እንደገና ተበታተኑ። በዚያች ቅጽበት ከገንዳው በላይ በተሰቀለው መስታወት ሹሩባ ሠሪዋን አየኋት። ጣቶቿ ደንበኛዋ ጸጉር ላይ ቆመዋል። ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰብስቧል። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ትንሽ ቆየችና ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቷን ቀጠለች። ዓሣዋን ባልከታተል ኖሮ ይህንን አላይም ነበር። አይቼም ግን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ብዬ እንደምናገር አላወቅሁም።

ዓሦቹን ለሸጠልን ሰውዬ ስልክ ደወልኩለት።

«መድኃኒት አለዎት ወይ፣ ጋሼ?»

«መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል» አለኝ። «መጀመሪያ ከሌሎቹ ለይያት። ንጹሕ ውኃ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን፣ የምትደበቅበት ነገር። ዓሣ ከተጨነቀች ቁስሏ አይጠግም፤ ጉልበቷን ሁሉ ፍርሃቱ ይበላዋል። ትንሽ ጨው ጨምሪላት፤ አዮዲን የሌለበት ይሁን። ደግሞ አታስቸኩያት።»

ሱቅ ያለው ጨው ሁሉ የታሸገና አዮዲን የገባበት ነበር። በገበያ ቀን ወጥቼ፣ ከአሊዩ አምባ የመጡ አንዲት እናት ለከብት የሚሆን ወፍራም ጨው ዘርግተው አገኘኋቸው።

«ለላም ነው ለበግ?» አሉኝ።

«ለዓሣ ነው፣ እማማ።»

«ሱብሃነላህ!» ብለው አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጨው ስሸጥ ለዓሣ የገዛኝ የለም። ምኗን አመማት?»

ነገርኳቸው። ከጨዋቸው መካከል ነጭና ንጹሑን መርጠው ሰጡኝና «አላህ ያሽራት» አሉኝ። አልሳቁብኝም።

ከጓሮ በሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ጸጉር ማጠቢያ የነበረውን ሰማያዊ ሳፋ አዘጋጀሁ። የቧንቧ ውኃ የክሎሪኑ ሽታ እስኪወጣለት አሳድሬ ሞላሁት። የተሰበረ ጀበና ገል ደፍቼ መደበቂያ ሠራሁላት። የአየር መንፊያውን ቱቦ ከገንዳው ወስጄ ከተትኩበት። ጨውን በሌላ ዕቃ አሟሙቼ ጥቂት በጥቂት ጨመርኩ። ውኃው ሌሊት ሲበርድ ቀን ሲሞቅ እንዳያስቸግራት አክስቴ ከራሷ አልጋ ወፍራም የሱፍ ባና አምጥታ ሳፋውን ጠቀለለችው። ዘፈኑን ስለመቀነስ ሳነሣባት ግን ጮኸች።

«ይሄ ጸጉር ቤት ነው ወይስ ገዳም? ለዓሣ ብዬ ዝም ልበል?»

ሆኖም በማግስቱ ዘፈኑ ዝቅ ብሎ ነበር። ዋናው ገንዳ አጠገብ ጣት ያነሣ ሰው ሲኖር ደግሞ «እጅሽን!» ብላ የምትጮኸው እሷው ሆነች። ጩኸቷ ከማንኳኳቱ የባሰ መሆኑን የነገራት የለም።

ወርቃማዋ ግን አልበላ አለች። ቁስሏ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ወጣ። በየቀኑ ከውኃዋ እየቀነስኩ ንጹሕ እጨምርላታለሁ፤ ከገሉ ሥር አትወጣም። እየዳነች ይሁን እየሞተች ማወቅ ስለማልችል፣ ባናውን ገለጥ አድርጌ መተንፈሻዋን ብቻ አያለሁ። ቀስ ሲል ደስ ይለኛል፤ ሲፈጥን ምን ሰምታ ይሆን እያልኩ ዙሪያውን አዳምጣለሁ። በር ሲወረወር ይፈጥናል። አክስቴ ስትስቅ ይፈጥናል። ሹሩባ ሠሪዋ በጎማ ጫማዋ ስታልፍ ግን ምንም አይሆንም። ይገርመኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሙሽራ መጣች፤ ሠርጓ በማግስቱ ነው። ከሚዜዋ ጋር ገብታ፣ ጸጉሯን አጥቤላት፣ አክስቴ በቢጉዲን ልትጠቀልልላት ስትል መብራት ሄደ። ካስኩ ዝም አለ። ከጓዳ ደግሞ የአየር መንፊያው ድምፅ ቆመ። ሮጬ ስሄድ ወርቃማዋ ከገሉ ሥር ወጥታ አፏን ወደ ውኃው ገጽ አድርጋ ነበር። ኩባያ አንሥቼ ውኃውን እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስስ ጀመር፤ አየር እንዲገባበት።

«ጀነሬተሩን አስነሺው!» አለችኝ አክስቴ።

«እትዬ፣ ከበሩ ጀርባ እኮ ነው! አሁን ከጮኸባት ትሞታለች።»

«ታዲያ ሙሽራዋን በእርጥብ ጸጉር ልሸኛት?»

በጓዳው ክፍት በር በኩል ሁለታችንም በተፋጠጥንበት «ሹሩባ ልሥራት?» የሚል ድምፅ መጣ። ሹሩባ ሠሪዋ ነበረች። ቤቱ ሁሉ ወደሷ ዞረ። «ሹሩባ መብራት አይፈልግም።»

«ሹሩባማ ለመልስ ነው እንጂ!» አለች ሚዜዋ።

ሙሽራዋ በመስታወቱ ራሷን አየች። «እናቴ በሹሩባ ነው የተዳረችው» አለች። «ግን ጀነሬተር እያላችሁ ለምንድን ነው የማታስነሡት?»

«ዓሣ ታማብኝ» አለች አክስቴ፤ ሁሉም ሳቁ።

ሹሩባ ሠሪዋ አልሳቀችም። ማበጠሪያውን በእጇ እያገላበጠች «እኔም አልወደውም» አለች። «ሲነሣ ልቤ ይመታል። የት እንዳለሁ ይጠፋኛል።»

የሚሰማው ከእኔ ኩባያ የሚወርደው ውኃ ብቻ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች አክስቴ። ያን የመሰለ ቀጭን ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

«ሥራ ሰጥተሽኝ፣ እትዬ... ደግሞ ዝም በሉ ልበላችሁ?»

አክስቴ ወንበር ስባ ለሙሽራዋ አመቻቸች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ኩባያውን ከእጄ ወሰደችና «ክንድሽን አሳርፊ» ብላኝ ውኃውን ራሷ ታፈስስ ጀመር። እኔ ወደ ፊት ሄጄ ሹሩባው ሲሠራ አየሁ። ብርሃኑ በበሩ በኩል ብቻ ስለሚገባ፣ ሙሽራዋን ወደ ደጃፉ አዙረዋት ነበር። የቅባቱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሹሩባ ሠሪዋ የውኃውን ድምፅ ስትሰማ ቆየችና ማንም ሳይጠይቃት ማውራት ጀመረች። ከቤታቸው በታች ጅረት ነበር አለች። ልብስ ሲያጥቡ እግራቸውን ውኃው ውስጥ ሲያኖሩ፣ ትንንሽ ዓሦች እየመጡ ጣታቸውን ይነካኩ ነበር።

«አይነክሱም?» አለች ሙሽራዋ።

«ይኮረኩራሉ እንጂ! እህቴ እየሳቀች ልብሱን ለወንዙ ትለቀው ነበር።» ይህን ስትል ራሷም ሳቀች። ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። እህቷ የት እንዳለች ሚዜዋ ልትጠይቅ ስትል ሙሽራዋ እጇን ያዘቻት።

መብራቱ ሲመጣ ዘፈኑን መልሶ ለመክፈት ያሰበ አልነበረም። ሙሽራዋ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ በሚዜዋ እልልታ ታጅባ ወጣች። እልልታው እንኳ በር ላይ ከደረሱ በኋላ ነው የተሰማው።

በማግስቱ ወርቃማዋ ከእጄ በላች። ከዚያ ጥጥ የመሰለው ነገር እየሳሳ ጠፋ። የጅራቷን ነገር ግን አሁንም ሳስበው ይገርመኛል። መጀመሪያ የበቀለው ጫፍ ቀለም አልነበረውም፤ እንደ ላስቲክ ጥርት ያለ ነበር። ጣቴን ከኋላው ባደርግ ይታየኛል። ወርቁ የመጣው በኋላ ነው፤ ከሥሩ ተነሥቶ፣ ቀስ እያለ። ጎኗ ላይ የበቀለው ቅርፊት ግን ፈዛዛ ሆኖ ቀረ።

ወደ ገንዳው ስንመልሳት ቤተ መንግሥቱን አውጥተን ጥለን፣ በምትኩ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ አስገብተን ነበር። ነጩ ቀረብ አለ። እሱ ከጎኗ ትንሽ ዋኝቶ ወደ ጠጠሩ ተመለሰ። «አንተ ነጩ፣ ስምህን አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለችው አክስቴ። ጀነሬተሩን ማዶ ላለው የእንጨት ሥራ ቤት ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ ሹሩባ ብቻ ይሠራል። ያን ጊዜ ወረፋው ከሹሩባ ሠሪዋ ወንበር ጀምሮ በሩን አልፎ ይወጣል። «ኩሩ ናት» ትል የነበረችው አክስቴ አሁን «ስታወራ አታቆምም እኮ» እያለች ትከሳት ጀመር።

ውጤቴ መጣ፤ ጅማ ተመደብኩ። ከመሄዴ በፊት ሹሩባ ሠሪዋ ወንበሯን መታ መታ አድርጋ «ነይ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። «ለመንገድ ነው።» ገንዳው ፊት ተቀመጥኩ። ቀጭን ቀጭን አድርጋ ሠራችኝ፤ ጫፎቹን አንድ በአንድ በክር አሰረቻቸው።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አክስቴ ደወለችልኝ። የሹሩባ ሠሪዋ ወንድም ደብረ ሲና የጭነት መኪና ላይ ሥራ አግኝቶ፣ ይዟት ሊሄድ ነው።

«ዛሬ ጧት ልትሰናበተኝ መጥታ ነበር» አለችኝ። «ገንዳው ፊት ቁጭ ብላ ቆየች። ከዚያ ያቺ ልጅ ሹሩባዋን ፈታችው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«አልፈታሁትም በያት፣ እትዬ።»

«ሄደች እኮ፣ ልጄ» አለችኝ።

እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ። ሥሩ አድጎ ላልቷል፤ ጫፎቹ ግን እሷ እንዳሰረቻቸው ነበሩ።