የማክሰኞ ልጅ

ልጄ ሦስት ስም አላት። አንዱንም እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቷ እሷ ናት፣ አሁን ደግሞ ስለ ራሷ የተጻፈ ነገር አንብባ የምትቆጣበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። የማወራው የመጀመሪያው ስሟ እንዴት እንደወጣላት ብቻ ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ቦሌ ሩዋንዳ፣ ግራና ቀኙ ሕንፃ በሚሠራበት ኪራይ ቤት ነበር። ከተማው ሁሉ ጉድጓድና አሸዋ የሆነበት ሰሞን ነው፤ ጠዋት የሄዱበት መንገድ ማታ በቆርቆሮ ታጥሮ ይጠብቃል። ባለቤቴ ለሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ ጋናዊ ነው። እኔ ገርጂ ተወልጄ ገርጂ ያደግሁ ነኝ። እርግዝናዬ ስድስት ወር ሲሞላው ሠላሳ ምናምን ስም ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ፤ የማይወደውን እንዲሰርዝ እስክሪብቶም አስቀመጥኩለት። አንድም አልሰረዘ።

“የመጀመሪያውን ስም እኛ አንመርጥም፤ ቀኑ ይዞት ይመጣል” አለኝ።

በእነሱ ወገን ልጅ በተወለደበት የሳምንቱ ቀን ስም ነው የሚጠራው። ሰኞ የራሱ ስም አለው፣ ማክሰኞም የራሱ፣ እንዲህ እያለ እስከ እሑድ። በጣም ተናደድኩ። ዘጠኝ ወር የምሸከመው እኔ፣ ስም የሚያወጣው ካላንደር! ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን እናቱ ከጋና ደወሉ። “የቀኗን ስም ብቻ ተዉልኝ፣ ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉ” አሉኝ፣ ልምምጥ በሆነ ድምፅ። ሴት እንደሆነች ያኔ አውቀናል። አንጀቴን በሉትና እሺ አልኩ። የአማርኛው ስም ለእኔ፣ የክርስትናው ለእናቴ ተመደበ።

ምጤ የመጣው ባለቤቴ ለሥራ ናይሮቢ በሄደበት ሳምንት ነው። ከእኔ ጋር የነበረችው እናቴ ናት። ልጅቷ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ተወለደች። እናቴ ወዲያው በጣቷ አስልታ “ለማርያም አጥቢያ!” ብላ እልልታዋን አቀለጠችው፤ የክርስትናው ስም እዚያው አለቀ። ጠዋት ላይ እኔ ለአማቴ ደወልኩና በእንግሊዝኛ “ማክሰኞ ሌሊት ወለድኩ” አልኳቸው።

ስልኩ ውስጥ ጩኸት ሆነ። ከዚያ ለቅሶ ሆነ። ደንግጬ ምን ተፈጠረ ብል፣ ለካ እሳቸውም የማክሰኞ ልጅ ናቸው። አምስት የልጅ ልጆች አይተዋል፣ በእሳቸው ቀን የመጣ ግን አንድም አልነበረም። “ስሜን ይዛልኝ መጣች” ይላሉ ደጋግመው። ባለቤቴ የልጁን ስም የሰማው ከእናቱ ነው፣ ናይሮቢ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ቆሞ።

ሁለት ወር እንደዚህ በደስታ ኖርን። ከዚያ ለፓስፖርቷ ብለን ከሆስፒታሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የልደት ማስረጃ አወጣን። ባለቤቴ አነበበና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። ወረቀቱ ረቡዕ ይላል።

“ተሳስተዋል፤ ማክሰኞ ሌሊት ነው የወለድኩት” አልኩ።

“ስንት ሰዓት?”

“ስምንት ሰዓት ከሩብ።”

በጣቶቹ ስድስት ቀነሰ። “እኩለ ሌሊት አልፏል” አለ።

“ቢያልፍስ? መቼ ነጋ?”

ተፋጠጥን። አዲስ አበባ ስንት ዓመት ኖሮ ሰዓታችንን መቀነስና መደመር ለምዷል፤ ቀኑም አብሮ እንደሚለያይ ግን ማንም አልነገረውም። ለእኔ ሌሊቱ ያለፈው ቀን ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ረቡዕ የሚባል ነገር የለም። በእሱ ቤት ግን ቀን የሚለወጠው ሰው ተኝቶ ነው። እናቴን ብንጠይቃት “ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ” ብላ ለሁለታችንም ፈረደች፤ ለሁለታችንም አልጠቀመችም።

“እናቴን ማክሰኞ ያልሻት አንቺ ነሽ፣ አንቺው ንገሪያት” አለኝ ባለቤቴ።

“የወለዱት አንተን ነው” አልኩት።

በሳቅ አለፍነው እንጂ እኔስ ፈርቼ ነበር። ያንን የደስታ ለቅሶ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የሰጠኋቸውን ነገር መልሼ ልቀማቸው ነው።

አማቴ ለሰማንያ ቀኗ ክርስትና መጡ። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው ከእማማ በቀር ሌላ መጠሪያ አፌ እሺ አላለኝም። ገና ሻንጣቸውን ሲከፍቱ አንዲት ነጭ ቀሚስ አወጡ፤ ደረቷ ላይ የእሳቸውና የልጄ የጋራ ስም በሰማያዊ ክር ተጠልፏል። የተጠለፈው በእጃቸው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ልጅቷን በስሙ በጠሯት ቁጥር ሰበብ ፈልጌ ወደ ወጥ ቤት እሸሻለሁ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀሚሷን ሊለኩላት ሲያነሷት አልቻልኩም።

“እማማ፣ ልጅቷ የማክሰኞ አይደለችም።”

ሌሊቱንም ሰዓቱንም ወረቀቱንም አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። አማቴ ቀሚሷን እንደያዙ አዳመጡኝ፣ ከዚያም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

“ስትወልጃት ቀኑ ምን ነበር?” አሉኝ።

“ለእኔ ማክሰኞ።”

“አሁንስ?”

ወረቀቱን አሰብኩ፤ ያንን ሌሊት አሰብኩ። “አሁንም ማክሰኞ ነው” አልኩ። ውሸቴን አልነበረም።

“እኔም ሌሊት ነው የተወለድኩት” አሉ። “በቤታችንም በመንደራችንም ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። ማክሰኞ ነሽ ያለችኝ እናቴ ናት። ይኸው አረጀሁ፣ እስከ ዛሬ ወረቀት አምጪ ያለኝ የለም። ለዚች ደግሞ እናቷ አንቺ ነሽ።”

ቀሚሷን በጭንቅላቷ አጠለቁላትና ትንሿን እጅ እጅጌው ውስጥ እየፈለጉ በስማቸው ጠሯት። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ባለቤቴ ሳቀብኝ። የኋላ ቁልፎቿን እንድቆልፍላት ወደ እኔ አዞሩልኝ።