የሰናይት ክትባትና የእንቁላሉ ስለት

ማክሰኞ ጠዋት ከደጃችን የነበርነው እኔ፣ ልጄ ሰናይት፣ ባለቤቴ ሞላ፣ ጎረቤታችን እታገኝና ባጃጅ የሚነዳው ወንድሟ ነን። ሰናይት በሩዝ ዘር ሥራ ላይ ያለች የመንግሥት ሠራተኛ ናት። መሥሪያ ቤቷ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ካምፓላ ሊልካት ስለሆነ ባሕር ዳር ሄዳ የቢጫ ወባ ክትባት መከተብና ካርዱን መያዝ ነበረባት። ክትባቱ ከጉዞው አሥር ቀን መቅደም አለበት ተብሏል። ልጅ ለሥራ ውጭ አገር ለምትልኩ ይጠቅም እንደሆን ብዬ የሆነውን እጽፋለሁ።

ከመሥሪያ ቤቷ የተሰጣት ወረቀት ብዙ ያዝዛል። የፓስፖርቱን ኮፒ ቤት ተዪ፣ መድኃኒት ከነካርቶኑ ያዢ፣ የኤምባሲውን ስልክ በወረቀት ጻፊ ይላል። ሁሉንም አንድ በአንድ አስደረግኋት።

«ኧረ ተያት እቴ!» አለች እታገኝ እየሳቀች። «ለሥልጠና የምትሄድን ልጅ ለዘመቻ አስመሰልሻት!»

ሞላ ግን አልሳቀም። ባጃጁ ሲነሣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዛሬ ንገሪያት» አለኝ።

ሁለት ሰዓት፣ ወረታ መናኸሪያ

ተራ አስከባሪው «መንገዱ ክፍት ነው» እስኪለን ድረስ አልተሳፈርንም። ከፊት አይሆንም ብዬ ከመካከል ወንበር ያዝሁ። ሩዙ ታጭዶ ገለባው በግራም በቀኝም ተከምሯል። የጉማራን ወንዝ ከተሻገርን በኋላ ወርደን ተፈተሽን። መታወቂያ ያልያዘ አንድ ሰው እዚያው ቀረ። ሐሙሲት ላይ የታሸገ ውኃ ገዛን፤ ክዳኑ አለመከፈቱን አይቼ ሰጠኋት።

እዚህ ላይ ነው ሰናይት ወሬ የጀመረች።

«እማዬ፣ የሆቴሉ ቁርስ እንቁላል በእንቁላል ነው አሉኝ። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ‹መንገደኛ ነሽ፣ እፈታሻለሁ› ብለውኛል። እንግዲህ ስለቱ ይብቃኝ።»

«እስኪ እናያለን» አልሁና በመስኮት አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ዓመቷ ሳለ የፋሲካ ዕለት እንቁላል ቀመሰች። ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሿ ሲር ሲር አለ፣ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናት። ዳግመኛ እንዳትቀምስ አሉን። ለጎረቤት ብናገር ማን ሰምቶኝ! «ትንሽ ትንሽ ስትቀምስ ትለምደዋለች» ብላ አንዲቱ ደግማ አጎረሰቻት። ልትሞትብኝ ነበር። ያን ጊዜ «ለጊዮርጊስ ተስያለሁ፤ እንቁላል አትበላም» አልሁ። ሕመም ያላስፈራው ሁሉ ስለቱን ፈራ። ልጅቱም ስለት ነው ብላ አደገች። ስታድግ እነግራታለሁ እያልሁ ዘመኑ ሄደ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

ክትባት የሚሰጥበት ቤት ስንደርስ ሰው ብዙ አልነበረም። ነርሷ እየጠየቀች ትጽፋለች።

«እርጉዝ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንቁላል ይጎዳሻል?»

«አልበላም። ስለት ስላለብኝ ነው እንጂ አይጎዳኝም።»

ነርሷ ፈገግ አለችና «አይጎዳትም» ብላ ጻፈች። ስለ እንቁላል ለምን እንደጠየቀች አላወቅሁም፤ ልቤ ግን ደነገጠ። ብናገር ክትባቱ ቀርቶ ጉዞውም ሊቀር ነው። ይህን ዕድል ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። ነርሷ መድኃኒቱን በመርፌ ስትስብ አየሁና ተነሣሁ።

«ቆዪ እህቴ! ስለት የለባትም። የዋሸሁ እኔ ነኝ።»

ሰናይት ክንዷን እንደያዘች ዞረች። «ምን አልሽ?»

ሁሉንም ነገርኋት።

«ጊዮርጊስ የማያውቀውን ስለት ነው ስጠብቅ የኖርሁት?»

«እሱማ ያውቃል፤ መዋሸቴን።»

ነርሷ ሐኪሙን ጠራች። እሱም ምን ያህል እንደቀመሰች፣ ስንት ጊዜ እንደታመመች ጠየቀኝ። «ይህ ክትባት በእንቁላል ውስጥ ነው የሚዘጋጅ» አለን። «ባይናገሩ ኖሮ ክፉ ነገር ሊደርስ ይችል ነበር። አንወጋትም።» ያልተከተበችበትን ምክንያት ጽፎ ማኅተም መታበት። «ይህን ይዛ መሄድ ትችላለች፤ እዚያ ስትደርስ ግን ሊያቆዩዋት ይችላሉ። መሥሪያ ቤቷ አስቀድሞ ይጠይቅላት። ትንኝ እንዳይነክሳት ትጠንቀቅ፤ በኬክና በዳቦ ውስጥም እንቁላል ስላለ እየጠየቀች ትብላ» አለ። እንቁላል እንደሚጎዳት የሚናገር ወረቀትም በእንግሊዝኛ ጻፈላት።

ስንመለስ ጉማራ ላይ ወደ እኔ ዞረች። «አንዴ ዋሽተሽኛል» አለች። «አሁን ያልሽውስ እንዳልሄድብሽ ብለሽ ከሆነ በምን አውቃለሁ?» በጊዮርጊስ ልምልላት አልሁና አፈርሁ።

አሥር ሰዓት፣ ቤት

ሞላ ከበር ቆሞ ጠበቀን። የሰናይትን ፊት አይቶ እንደነገርኋት አወቀ።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት፣ ወረቀቱ ያዘዘውን ሁሉ ብናሟላ እንኳ ወላጅ ብቻ የሚያውቀው ነገር እንደሚቀር ነው። ልጃችሁን የሚጎዳትን በስሙ ንገሯት፣ ሰው የምታምንበት ዕድሜ ሳያልፍ።

ሰናይት የሐኪሙን ደብዳቤ ይዛ ሄዳለች። «ጥቂት አቆዩኝና አስገቡኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ስደውል ታነሣለች፤ ስለ ምግቧ ስጠይቃት ግን ትስቅና ሌላ ወሬ ታመጣለች። አብራችኋት የሄዳችሁ የመሥሪያ ቤቷ ልጆች፣ ደኅና ናት ብቻ አትበሉኝ። ጠዋት ጠዋት ምን እንደምትበላ ጻፉልኝ።