በእስክሪብቶ የሰለጠነ አውራ ጣት

መምህር ሚቶ ሰውን ቁልቁል ለማየት ከፍታ አያስፈልገውም ነበር። ቁመቱ ከብዙ ሰው ትከሻ አያልፍም፤ ግን አገጩን ሰቅሎ፣ የዐይኑን ቆብ እስከ ግማሽ ድረስ ከድኖ ሲመለከት፣ የፈለገውን ያህል ረጅም የሆነ ሰው እግሩ ስር የተቀመጠ ይመስለዋል። ዳቦ ሻጩን ይንቃል፣ የሒሳብ አስተማሪውን ይንቃል፣ ጎረቤቱን ሐኪም እንኳ «የኪኒን ደላላ» ይለዋል። ሚቶ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። የሥነ ሕይወት አስተማሪ ስለነበረ ዕድሜውን ሙሉ የሴል ጉልበት ማመንጫ ስለሆነው ሚቶኮንድሪያ ሲለፈልፍ ኖሯልና። ልጆቹ ሊያሾፉበት ያወጡትን ስም እሱ እንደ ማዕረግ ተቀብሎ ደረቱን ነፋበት።

እንግዲህ ይህ ሰው ሴል በዐይኑ አይቶ አያውቅም። ትምህርት ቤቱ አንዲት ማይክሮስኮፕ ነበረችው፤ እሷም እንዳትሰበር ተብሎ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባት ኖረች። ቁልፉን መጠየቅ ይችል ነበር፤ አልጠየቀም። ለምን ይጠይቅ? በባለ ቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ የሚስለው ሴል እንደሆነ ከእውነተኛው ሳያምር አይቀርም። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥታ «መምህር፣ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?» አለችው። «አንቺስ ጉበትሽን አይተሽው ታውቂያለሽ?» አላትና ከክፍል አስወጣት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ያሸነፈ መሰለው።

ጡረታው ደጃፍ ሲደርስ ነው ከወንዙ ማዶ ፋብሪካዎች የበቀሉት። መጀመሪያ ክትባት የሚያመርት መጣ፤ ከዚያ የደም መመርመሪያ የሚሠራ፤ ከዚያ ደግሞ ችግኝ በጠርሙስ የሚያራባ። ባለሥልጣናቱ ሪባን ከመቁረጥ ሌላ ሥራ ያጡ ይመስል መቀስ ይዘው ይዞሩ ጀመር። «አካባቢያችን የባዮሳይንስ ማዕከል ሆኗል» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ከተማው ባዮ የምትለዋን ቃል እንደ ጉንፋን ተቀባበላት። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን «ባዮ ፀጉር ቤት» አለው። ያገለገለ ጎማ የሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር «ባዮ ጎማ» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ፤ ጎማው ግን ያው የጥንቱ ጎማ ነው።

ፋብሪካዎቹ ብዙም ሳይቆዩ አቤቱታ አሰሙ። ሕንፃው አለ፣ ማሽኑ አለ፣ እጁ የተገራ ሰው ግን የለም አሉ። ባለሥልጣናቱ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰሙት «ሰው» የምትለዋን ብቻ ነበር። ሰው መቁጠር ደግሞ ማን ብሏቸው! እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይህን ያህል ሺህ ባለሙያ እናፈራለን ብለው ፎከሩ፤ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ያለ ፎቅ ተከራዩና «የባዮሳይንስ ማሠልጠኛ ተቋም» ብለው ሰየሙት። ማን ያስተምር ሲባል፣ በከተማው ውስጥ ሴል የሚለውን ቃል አብዝቶ የተናገረ ሰው ተፈለገ። ከሚቶ ሌላ ማን ይገኛል?

ተቋሙ ወንበር ነበረው፣ ሰሌዳ ነበረው፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች የሚስቁበት ትልቅ ፎቶ ነበረው። ያልነበረው ፒፔት ነው። ፒፔት ማለት ትንሽ ፈሳሽ ለክቶ የሚስብ፣ ራሱ ላይ በአውራ ጣት የሚጫኑት መሣሪያ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ያለ እሱ ጠብታ አይንቀሳቀስም። «መንገድ ላይ ነው» ይባል ነበር፤ ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ እንጃ፣ ወር አልፎ ወር ሲተካ አልደረሰም። ሌላ ሰው ቢሆን ያለ መሣሪያ አላስተምርም ይል ነበር። ሚቶ ግን መላ ዘየደ፤ በሕይወቱ እንደዚህ የኮራበት ነገር የለም። ራሱን ሲጫኑት ቀጭ የሚል እስክሪብቶ በካርቶን አስገዛና ለያንዳንዱ ሠልጣኝ አደለ።

«ተጫን!» ይላል። ክፍሉ በሙሉ ቀጭ። «ልቀቅ!» ይላል። ክፍሉ በሙሉ ቀጭ። ባለሥልጣናቱ ሊጎበኙ መጥተው ይህን ሲያዩ አንጀታቸው ራሰ፤ አስቀረጹት፣ አጨበጨቡ። የእውነተኛው ፒፔት ዘዴ ግን ሌላ ነው። ለስለስ ተደርጎ ይጫኑታል፤ ሲለቁትም አውራ ጣት ቀስ እያለ፣ የተኛ ሕፃን ላይ ብርድ ልብስ እንደሚያለብስ እጅ፣ ተከትሎት ይመለሳል። ድንገት ከለቀቁት አረፋ ይስባል፣ ልኩም ይበላሻል። እስክሪብቶ ደግሞ ቀስ ማለት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቀጭ ብሎ ይዘላል። እነዚያ ምስኪኖች ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የተለማመዱት ይህንኑ መዝለል ነው፤ አውራ ጣታቸው ሌላ አመል እንዳይቀበል ሆኖ ደነደነ።

ሚቶ ሠልጣኞቹን «ጥርቅም» ነበር የሚላቸው፤ ሲመሰገኑ ደግሞ «የእኔ ፍሬዎች»። ያለችውን አንዲት ልጁን ግን ከጥርቅሙ ጋር አላስመዘገባትም። «የእኔ ልጅ ከነሱ ጋር አንድ ወንበር አትጋፋም» አለና ራሱ ቤት ውስጥ፣ ምግብ የሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ያስተምራት ጀመር። ልጅቱ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰች ወዲህ በአንድ ሰነፍ ነጋዴ የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ውስጥ ቆማ ትውላለች። ነጋዴውም ሱቁን ሊዘጋ ነው። የክትባት ፋብሪካው በዚህ ዙር ሰው ከቀጠረ በኋላ በሩን ለረጅም ጊዜ እንደሚዘጋ ተነግሯል። ስለዚህ ይህ ሥራ ለሷ የመጨረሻው ቀዳዳ ነበር፤ ካመለጣት እናቷ አጠገብ ተቀምጣ የትራስ ልብስ መስፋት ነው ዕጣዋ። እናትም ልጅም ይህን ያውቃሉ፤ እንቅልፍ አጥተውበታል።

ልጅቱ ሞኝ አልነበረችም። ስልኳ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች ሲሠሩ አይታ «አባዬ፣ እነሱ እኮ ቀስ ብለው ነው የሚለቁት» አለችው።

«ለካሜራው ብለው ነው» አላት።

«እኔ ግን ልክ አልመሰለኝም። አንድ ቀን እንኳ እውነተኛውን ብንይዘው?»

«ልጄ፣ አውራ ጣት አውራ ጣት ነው። ተጫኝ።»

ተጫነች። ቀጭ። አባቷ ነዋ፣ ምን ታድርግ?

የፈተናው ቀን ሚቶ ከረባቱን አስሮ፣ ፋብሪካው አዳራሽ የፊት ረድፍ ላይ ከእንግዶቹ መሐል ተሰየመ። በግራው ሪባን ቆራጩ ሹም፣ በቀኙ የሹሙ ምክትል ተቀምጠዋል። ዘመድ ለዘመድ እንዳይሳሳብ ተብሎ የተፈታኞቹ ስም በቁጥር ተተክቷል፤ ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው በየተራ ወደ ጠረጴዛው ይቀርባሉ። ጠረጴዛው ላይ ፒፔት፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃና ስስ ሚዛን አለ። ፈታኟ የፋብሪካው የጥራት ኃላፊ ነበረች፤ ፀጉሯን በመረብ የሸፈነች፣ ፈገግታ የሚያስከፍላት የምትመስል ደረቅ ሴትዮ።

የመጀመሪያው የተቋሙ ልጅ ቀረበ። ቀጭ አደረገው፤ ውሃው አረፋ ይዞ ዘለለ። ሁለተኛው ቀጭ። ሦስተኛው ቀጭ። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ መመልከቱንም ተወችው። ጀርባዋን ሰጥታ ጓንቷን እያወለቀች፣ አለቃቀቃቸውን በጆሮዋ ብቻ እየሰማች ለረዳቷ «እስክሪብቶ» ትላለች፤ ረዳቷ ይሰርዛል። «እስክሪብቶ።» ይሰርዛል። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በመሐረብ አፈነ። ሹሙ ነገሩ ገና ስላልገባው ያጨበጭባል።

ሚቶ ግን ገባው። ላብ በአንገትጌው ውስጥ ቁልቁል ወረደ። ይህን ጊዜ ያሳፈረው የገዛ ትምህርቱ እንዳይመስላችሁ፤ በሠልጣኞቹ ነበር ያፈረው። ደደቦች፣ አሳፋሪዎች፣ ጥርቅሞች፣ እያለ በሆዱ ይሰድባቸዋል። እነዚያ እሱ ያላቸውን ሁሉ ሳያጎድሉ የፈጸሙ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው በጎን በር ሲወጡ፣ ዐይኑን አንሥቶ አንዳቸውንም አላየም። እንዲህ ካለ ሰው አብራክ ልጅ መውጣቱ ራሱ የሚገርም ነው።

ያቺው የአብራኩ ልጅ ወዲያው ቀረበች። ፈታኟ ወረቀቷን ልትቀበል ዞር ብላ አየቻት። ቀስ ለማለት እንደሞከረች ሁሉም አይቷል፤ ጣቷ ሲጀምር ለስለስ ብሎ ነበር። ግን የእራት ጠረጴዛው አመል አሸነፋትና ቀጭ አለ። ሰማያዊው ውሃ አረፋ ያዘ።

ፈታኟ ወረቀቱን ደግማ አየች። ይህቺ ከሌሎቹ ጋር አልመጣችም፤ ወረቀቷ ላይ የተቋሙ ማኅተም የለም። ወደ ፊት ረድፍ ተመለከተችና «መምህር፣ ይህቺኛዋም የእርስዎ ናት?» አለች። ሹሙም ምክትሉም አንገታቸውን ወደሱ አዞሩ።

ሚቶ ከረባቱን አስተካከለ። ልጅቱ ቁጥሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ፒፔቱን እንደያዘች፣ ዐይን ዐይኑን ታየዋለች።

«የእኔ አይደለችም» አለ። «አላውቃትም።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲጢጥ አለ። ልጅቱ ፒፔቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጥሩ» አለች ሴትዮዋ። «ከእርስዎ ተቋም አንድም ሰው ላለመውሰድ ወስነናል፤ ያንን የአውራ ጣት አመል ለማስጣል ዓመት አይበቃንም። ማንም ያላበላሻትን ግን እኛው እናስተምራታለን። ስትጀምር አያያዟ ጥሩ ነበር።» ቀጥላ ረዳቷን «መዝግባት» አለችው።

ልጅቱ ተቀጠረች።

ማታ እራት ላይ ሚቶ ታሪኩን ለሚስቱ ሲነግር ብትሰሙት ለቅሶ ይይዛችኋል። አባትነት ማለት ምን እንደሆነ፣ ለልጅ ሲባል ክብርን መዋጥ ምን ያህል እንደሚያቃጥል፣ ሴትዮዋን ገና ፊቷን ሲያይ ዕቅዷ እንደገባውና ብልሃቱን በቅጽበት እንዳፈለቀ ዘረዘረው። «ሌላ አባት ቢሆን ልጄ ናት ብሎ ፎክሮ ጉድ ያደርጋት ነበር» አለ። «እኔ ግን ካድኳት። ልቤ እየደማ ካድኳት።» ሚስቱ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «አንተ ሰው፣ እስከዛሬ አላወቅሁህም ነበር ለካ» አለችው፤ ትልቁንም ቁራጭ ሥጋ ወደሱ ሳህን አሻገረች። እሱም ቆርሶ በላ።

ልጅቱ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሣች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«አባዬ» አለችው፣ «አላውቃትም ያልከው እኮ ሴትዮዋ ውሳኔዋን ገና ሳትነግርህ ነው።»