ደም የማይታይበት ብርሃን

ሰፈሩ «ጨለማዋ» ይላታል። ስድብ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤት ጓዳ ውስጥ ፎቶ ስታጥብ፣ ፀሐይ የምታየው ለምሳ ስትወጣ ብቻ ነበር። የሰው ሁሉ ስልክ ካሜራ ሲሆን ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ባለቤቱ ፎቶ ሲታጠብ የሚበራውን ቀይ አምፖል አንድ ካርቶን አሸክሞ አሰናበታት። በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሟ ሦስት መቶ እንቁላል ጣይ ዶሮ ገዝቶ «እህት ዓለም፣ ነይና አግዢኝ» አላት። ካርቶኗን ይዛ ሄደች።

ስለ ዶሮ አታውቅም። ስለ ብርሃን ግን የሚያስተምራት ሰው አልነበረም።

ወንድሟ ብርሃን በበዛ ቁጥር እንቁላል ይበዛል ሲባል ሰምቷል። አራት ትልልቅ ነጭ አምፖሎች ሰቅሎ ሌት ተቀን ያበራል። አንዱን አምፖል፣ እንቁላል ለመልቀም እንዲመቸው ብሎ፣ ከእንቁላል መጣያ ሣጥኖቹ አናት ላይ አድርጎታል። ዶሮዎቹ መነካከስ ጀመሩ። መጀመሪያ የጅራት ላባ ሄደ፣ ቀጥሎ ጀርባ ተላጠ። ሰኞ ጠዋት ሦስቱ አንጀታቸው በኋላቸው ተዘርግፎ ሞተው ተገኙ።

«አለቀ» አለ ወንድሟ። «ምንቃር ቆራጩን ጠርቼዋለሁ። ቅዳሜ ይመጣል።»

«መጥቶስ?»

«በጋለ ስለት ጫፍ ጫፉን ይልላቸዋል። ምንቃር ከሌለ ንክሻ የለም።»

«የጎረቤትህን ዶሮዎች አይቻለሁ። ጥሬ ለመልቀም ስንት ቀን ተቸገሩ! እስከ ቅዳሜ ለእኔ ተዋቸው።»

«ምን ልታደርጊያቸው? ፎቶ ልታነሺያቸው?»

«አንተ ብቻ ከማብሪያ ማጥፊያው ላይ እጅህን ሰብስብ።»

ባልዲ ደፍታ ዶሮ ቤቱ መሐል ተቀመጠች። አንገቷን ዶሮ ቁመት ድረስ ዝቅ አድርጋ ግማሽ ቀን አየች። ዶሮዋ እንቁላሏን ጥላ ስትነሳ፣ የኋላዋ ቀይ ሥጋ ገና ወደ ውስጥ ሳይመለስ አምፖሉ ያበራበታል። የቀጣዩ ሣጥን ጎረቤት ታያለች፣ ትወጋለች። የተወጋችው መሸሻ ቆጥ የላትም። መብራቱ ስለማይጠፋ እንቅልፍም የላትም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ብቻ ሆነ። የሣጥኖቹን አምፖል ነቀለች፤ በእያንዳንዱ ሣጥን አፍ ላይ ጆንያ ጋረደች። ቆጥ መታች። እርጥቡን ሰጋቱራ ጠርጋ ደረቅ አፈሰሰች። የቆሰሉትን ለየች። መስኮቶቹ ላይ አየር የሚያስገባ ብርሃን ግን የማያሳልፍ ጆንያ እንደ ቆብ ሰቀለች። ነጮቹን አምፖሎች አውርዳ የፎቶ ቤቱን ቀያዮች ሰቀለች፤ እነሱም ሌሊት ለስምንት ሰዓታት ይጠፋሉ።

ሐሙስ ዕለት ወንድሟ አንገቱን በበሩ አስግጎ ጮኸ።

«እህቴ፣ ጉድ ሠራሽ! አንዲት ጠብታ ደም የለም! ሰውዬውን አትምጣ ልበለው?»

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ፎቶ ቤት እጇን በወረቀት መቁረጫው ቆርጣ፣ በቀይ መብራት ሥር ምንም ሳይታያት ስትሠራ ቆይታ፣ ደጅ ስትወጣ ክንዷ ድረስ በደም ተነክራ ነበር።

«አትቸኩል» አለችው። «በዚህ መብራት ደም አይታይም። ለእነሱም፣ ለአንተም።»

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው ያዳንሻቸው?»

«መዳናቸውን ገና አላወቅሁም። ሰውዬው ይምጣ። ደጅ አውጥተን በፀሐይ እናያቸዋለን።»

«አዲስ ቁስል ከተገኘስ?»

«ስለቱን ያግል።»

ቅዳሜ ቆራጩ ሽርጡን አገልድሞ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው። ስለቱንና ምድጃውን ዘርግቶ ጠበቀ። ጨለማዋ ከግራ ጥግ ጀምራ ዶሮዎቹን ሁለት ሁለት እያቀፈች አወጣች። የደረቀ ቅርፊት። ብቅ ያለ አዲስ ላባ። መቶ አለፉ፣ ሁለት መቶ አለፉ። የወንድሟ ፊት እየተፈታ መጣ። ቀኝ ጥግ ስትደርስ ግን አንዷ ትኩስ ደም ይዛ ወጣች። ከኋላዋ ሁለት ሌሎች።

«ላቀጣጥል?» አለ ቆራጩ።

ወንድሟ አያት። «ቃልሽ ነው እንግዲህ።»

«ቃሌን አላጥፍም። ግን የተነከሱት እነዚህ ናቸው። ነካሿን ትተህ የተነከሰችውን ልትቆርጥ ነው?»

ቆራጩ ሳቀ። «እውነቷን ነው። እስካሁን ነካሿን ለይቶ የሰጠኝ ሰው የለም። ሁሉንም ነው የምቆርጠው።»

«አንድ ጊዜ ጠብቁኝ» አለችና ገባች። መብራቱን አጠፋች፣ በሩን ዘጋች፣ ፊልም ከጥቅሉ ልትፈታ ስትል እንደምትቆመው ዐይኗን ጨፍና ቆመች። ስትገልጠው ቀኝ ጥግ ላይ ታየ፦ ቆርቆሮው ሚስማር በተነቀለበት ቦታ ተቀዷል፤ ጣት የምታህል የፀሐይ ዘንግ የመጨረሻው መጣያ ሣጥን ላይ ቀጥ ብላ አርፋለች፤ የሣጥኑ ጆንያም ወድቋል።

«ና ግባ!» ብላ ተጣራች። «በሩን ዝጋ።»

ወንድሟ ገባ። ትንሽ ቆይቶ አየው።

«ነካሿ ይቺ ናት?»

«ይቺን የምታክል ቀዳዳ ስንት የሙሽራ ፎቶ እንዳበላሸችብን ብነግርህ!»

ከኪሱ መሐረብ አወጣ፤ አጣጥፎ ቀዳዳው ውስጥ ወተፈ። ከዚያ በሩን ሳይከፍት ወደ ውጭ ጮኸ፦ «ወንድሜ፣ ምድጃውን አታቀጣጥል! የቀሩትን ማውጣት አግዘን!»

ወደ እሷ ዞረ። «ሌላ ቀዳዳ አለ?»

«ዝም ብለህ ቁም» አለችው። «ዐይንህ ጨለማውን ይልመድና ራስህ ታየዋለህ።»