የሽቅብና የቁልቁል ሒሳብ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍሏ ሰላም፣ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። መኪና ሽቅብ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ወጥታ በዚያው መንገድ በስልሳ ብትወርድ አማካይ ፍጥነቷ ስንት ነው ይላል። ልጅቱ አርባ ብላ ጽፋለች። "አጥፊው!" ብዬ ጮህኩባት። አጠገቤ የተቀመጠችው ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ ደነገጠች። እኔም አፈርኩ፤ ልጅ በሒሳብ ቢሳሳት ምን ይገርማል?

ያ አርባ የእኔም ነበር።

የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ሳለሁ ያለ ደብተር ማስላት እወድ ነበር። በሰዓት ስልሳ ማለት በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ሃያ ማለት ለአንዱ ኪሎ ሜትር ሦስት ደቂቃ፤ እንዲህ እየመነዘርኩ የመንደሩን ሰው አስደንቅ ነበር። ሲያሞግሱኝ ደስታዬን አልችለውም። ጉረኛ ነበርኩ ቢባል ይቀላል።

ጥቅምት ነበር፤ የባቄላው እሸት የደረሰበት፣ የመንገዱ ጭቃ ገና የጠጠረበት። ቅዳሜ ማለዳ የጋሽ ባዩ አሮጌ የጭነት መኪና ገበያተኛ ጭና፣ ሽቅብ ስልሳ ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ደብረ ማርቆስ እንደወጣች ጥሩነሽ ምጥ ጠናባት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ወንዶቹ ቃሬዛ አዘጋጁ። ጤና ጣቢያው በገደሉ አቋራጭ በቃሬዛ ሦስት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ በመኪና ግን ዙሪያውን ሩብ ሰዓት ነው። ጋሽ ባዩ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዉን አውርዶ ለሁለተኛ ጭነት ወዲያው ይመለሳል። ሽቅብ በሃያ፣ ቁልቁል በስልሳ እንደሚነዳ ሁልጊዜ ይነግረን ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ እስቲ አስቢው፤ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?" አለኝ አባቴ።

"በአማካይ አርባ ነው፤ ደርሶ መልስ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር። ሦስት ሰዓት!" አልኩ፣ ቅንጣት ሳላመነታ።

"እንግዲያ እንጠብቅ። በገደል ከምናንገላታት ይሻላል።"

ሦስት ሰዓት ሞላ፤ መኪና የለም። የጥሩነሽ ጩኸት ውጭ ድረስ ይሰማል። ሽቅቡንና ቁልቁሉን ለየብቻ ያሰላሁት ያኔ ነው። ሽቅቡ ብቻውን ሦስት ሰዓት ይፈጃል! ቁልቁሉ አንድ። አራት ሰዓት። ሁለቱን ፍጥነት ደምሬ ለሁለት ሳካፍል፣ መኪናዋ ሽቅቡ ላይ ሦስት እጥፍ እንደምትቆይ ረስቻለሁ።  ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ጋሽ ባዩ በወጣ ልክ በአራት ሰዓቱ ደረሰ። ጥሩነሽ ተረፈች፤ ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። ከዚያ ወዲህም አልወለደችም።

"ጠላ ቤት ገብተህ ነው!" አለው አባቴ።

"ኧረ በማርያም! ውኃ እንኳ አልቀመስኩም!" እያለ ማለ። ከእኔ በቀር ማንም አላመነውም። ጋሽ ባዩ እስኪሞት ድረስ ቤተሰባችን ሰላምታ ነሳው።

ባለፈው ሳምንት ሰላም ደብተሯን ሰብስባ ስትሄድ ጥሩነሽ፣ "ምን ሆነሽ ነው ልጅቱ ላይ እንዲያ የጮህሽው?" አለችኝ። ነገርኳት፤ ሁሉንም። ልጅ ነበርኩ፣ ለስህተቱ ይቅር ልባል እችል ይሆናል፤ ዝምታውን ግን አድጌም፣ አርጅቼም ቀጥዬበታለሁ። እንድትረግመኝ ጠበቅሁ። ብትረግመኝ በቀለለኝ ነበር።



"የጋሽ ባዩ ቀብር ላይ እንኳ አልቆምኩለትም እኮ" አለች።