የሐጂ ስፖንጅና የእኔ ካርቡራቶር

ዓርብ ጠዋት ሐጂ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ መጥተው ሞተር ሳይክሌ አጠገብ ቆሙ። ከዘራቸውን ካርቡራቶሩ ሥር ቤንዚን ወዳራሰው መሬት ቀሰሩና «ልጄ፣ ከጁምዓ ስመለስ ይቺን ሞተር እዚህ እንዳላያት። ዛሬ ብቻ ሳይሆን ለዘለቄታው» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ እኔም እጮህ ነበርና ይቀለኝ ነበር።

ሐጂ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ስፖንጅ ይሸጣሉ። ከወለል እስከ ጣሪያ የተቆለለ ስፖንጅ፣ የአንድ ክብሪት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያ ሱቃቸው እዚሁ መርካቶ፣ እኔ ወደ ተራው ከመምጣቴ በፊት፣ በእሳት አመድ ሆኗል። ስለዚህ ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። ይህንን የምለው ግን ዛሬ ነው፤ ያን ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር። እኔ ክር፣ ዚፕና መርፌ አከፋፋይ ነኝ። ዕቃዬን ኮልፌና ጳውሎስ ድረስ ላሉ ልብስ ሰፊዎች የማደርሰው በዚያች ሞተር ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ ተራው ሁሉ እየሳቀብኝ፣ ወድቄ ተነስቼ የለመድኳት ናት። ከዚህ ወጥታ የት ትቁም? ሌላ ቦታ ባቆማት ስመለስ መስታወቷን እንኳ አላገኘውም። እሷ ከሄደች ደግሞ ደንበኞቼም ይሄዳሉ።

«ሐጂ፣ እስከ ሰኞ ይታገሡኝ፤ ጋራዥ እወስዳታለሁ» አልኳቸው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰኞ ስትዪኝ ከረምሽ» አሉና ሄዱ። እውነታቸውን ነበር።

ጭራሽ ዕለቱ ዓርብ! በእኛ ተራ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ለጁምዓ ሲሄዱ ሱቃቸውን አይቆልፉም። በሩ ላይ ዱላ ወይም ወንበር አጋድመው ይሄዳሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ። እኔ ለገብርኤል ወይም ለማርያም ስሄድ ደግሞ እነሱ የእኔን ይጠብቃሉ። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አፍርሶትም አያውቅም። ስለዚህ ጋራዥ የመሄድ ነገር አበቃለት። ሊያባርሩኝ የመጡትን ሰውዬ ሱቅ እየጠበቅኩ፣ ሞተሬን እዚያው ራሴ ልጠግን ነው። ወይ ጉድ!

ማንጠባጠብ የጀመረችው የቤንዚን ሰልፍ በበዛበት ሰሞን ነው። በተራው መድኃኒት ያላዘዘልኝ ሰው የለም። ሁለት ጊዜ የካርቡራቶሩን ማሸጊያ ጎማ ቀየርኩ፤ ፈሰሰ። ከዚያ ዕቃ የሚያወርድልኝ ወዛደር፣ ምላሱ ከጫንቃው የጠነከረ ጎልማሳ፣ «እትዬ፣ የልብስ ሳሙና ለውሰሽ ለጥፊበት፤ የጭነት መኪና ታንከር እንኳ በሳሙና ነው የሚደፈነው» አለኝ። ለጠፍኩ። ከካርቡራቶሩ ሥር ካለች ትንሽ ቱቦ ሲንጠባጠብ አየሁና እሷንም በሳሙና ጥርቅም አድርጌ ደፈንኳት። ሁለት ቀን ደረቅ ሆነ፣ እኔም ተኩራራሁ። በሦስተኛው ቀን ሞተሯ አልነሳ አለች፣ ዘይቷ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ፣ ፍሳሹም በሌላ በኩል ብቅ አለ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተራው ጭር አለ። ሞተሯን ከስፖንጁ አርቄ፣ ተራው ጫፍ ወዳለች ባዶ ቦታ ገፋኋት፤ ከዚያ ሆኖ ሁሉም በር ይታያል። ወዛደሩ ሲጋራውን ይዞ ሊያይ ሲመጣ «አጥፋው! ሂድ፣ እዚያ ማዶ ቁም!» ብዬ ጮኽኩበት።

«ደግሞ መካኒክ ሆነችልን!»

«ዝም በል፣ አንተ የሳሙና ሐኪም!» አልኩት።

የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጋሁ፣ በካቻቢቴ ፈትቼ ካርቡራቶሩን አወረድኩ። ብሎኖቹ እንዳይጠፉብኝ ባዶ የመርፌ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኳቸው። ቤንዚን የሚጠራቀምበትን የታችኛውን ኩባያ ስከፍተው በሳሙና ተለውሶ ጠበቀኝ። አፈርኩ። ሳሙናውን እየፋቅኩ ሳለ ከኩባያው ውስጥ ቀጥ ብላ የቆመች ቀጭን ቱቦ አየሁ፤ ያቺው ከሥር የደፈንኳት ናት። ጫፏ ከፍ ያለ ነው፤ ቤንዚኑ ከልኩ ካላለፈ አይደርስባትም።

ይሄኔ የቤቴ የውሃ ታንከር ትዝ አለኝ። ታንከሩ ሲሞላ ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ ውሃውን ይዘጋዋል። አንድ ጊዜ ተንሳፋፊው አልዘጋ ብሎ ውሃው በትርፍ መውጫው ግቢውን አጥለቅልቆት ነበር፤ ያን ጊዜ ተንሳፋፊውን አሠራሁ እንጂ መውጫውን አልደፈንኩም። «እንዴ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ቱቦዋ ምንም አልሆነችም! «ሞልቷል፣ የሚዘጋ ጠፋ» ብላ ስትነግረኝ ነው አፏን በሳሙና የያዝኩት።

ካርቡራቶሩም የራሱ ተንሳፋፊ አለው። ከፍ ሲል አንዲት አጭር ሹል መርፌ ገፍቶ የቤንዚኑን መግቢያ ይደፍናል። መርፌዋን አውጥቼ ወደ ብርሃን አነሳኋት። መርፌ እንግዲህ እንጀራዬ ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ሳይ ኖሬያለሁ። ጫፏ ላይ አንድ ነገር ተጠምጥሟል። በጥፍሬ ሳብኩት። ክር! ቀይ ክር!

የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። የማደያው ሰልፍ ሲያስመርረኝ ቤንዚን ከሰው በፕላስቲክ እየገዛሁ፣ ቆሻሻ እንዳይገባ ብዬ፣ ከሰፊዎቹ በለመንኩት ቁራጭ ጨርቅ አጥልል ነበር። ጨርቁ ጠርዙ የተተረተረ ነው፣ የተሰፋውም እኔ በሸጥኩት ክር ነው። ጉድ የሠራኝ ጥንቃቄዬ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤንዚን ሻጩን ስረግም፣ ጎማ ሻጩን ስሰድብ፣ ሐጂን ሳማ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ የእኔ ክር ግን ሳያብርም እኔን አሰረኝ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ቱቦዋን በቀጭን ሽቦ ጠረግኩ፣ ሁሉንም አጥቤ መርፌዋን መለስኩ። ከዚያ ቤንዚን የሚገባበትን ቀዳዳ በአፌ ይዤ ነፋሁ፤ ትንፋሼ ያልፋል። ተንሳፋፊውን በጣቴ ከፍ አድርጌ ነፋሁ፤ ቀጥ! ጉንጬ እስኪያመኝ ደግሜ ነፋሁ፤ ቀጥ! ከንፈሬ በቤንዚን እየተቃጠለ እልልታዬን አቀለጥኩት።

«ምን ተወለደ?» አለ ወዛደሩ ከማዶ።

«ና፣ አዲስ ዘይትና የቤንዚን ማጣሪያ ገዝተህ ና!» አልኩት። እሱ እስኪመጣ የተበላሸውን ዘይት አወጣሁ፣ በጨርቅ ያጠለልኩትንም ቤንዚን ከታንኩ ቀዳሁ። ሲመጣ አዲሱን ዘይት ሞልቼ ሁሉንም ገጠምኩ፣ ቤንዚኑንም በማጣሪያው አሳልፌ መለስኩት።

ሐጂ ከሶላት ሲመለሱ መጀመሪያ ሱቃቸውን አዩ፤ ዱላቸው እንደተጋደመ ነው። ቀጥለው እኔን አዩ፣ ከዚያ ሞተሯን።

«አልሄደችም?»

«አልሄደችም ሐጂ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ይኸው፣ የራሴ ክር» ብዬ መዳፌን ዘረጋሁላቸው። ይህንን ማለት ካርቡራቶር ከመፍታት ይብሳል።

ሐጂ ሱቃቸው ገብተው እጅ የሚያህል ነጭ ስፖንጅ ቆርጠው መጡና ካርቡራቶሩ ሥር አነጠፉት። «ክፈቺው» አሉ። የቤንዚኑን መዝጊያ ከፈትኩ። ሐጂ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ። ከጁምዓ የተመለሰው ሁሉ ከበበን። እመቤቴ ማርያም፣ በእኚህ ሰው ፊት አታዋርጂኝ አልኩ በሆዴ። ሰው ምሳውን በልቶ የሚጨርስበትን ያህል ተቀመጡ።

በመጨረሻ ስፖንጁን አነሱት፣ ገለበጡት፣ አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። «ሦስት ሳምንቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ እየተመለስኩ፣ ቤንዚኑን ፈርቼ፣ በርሽን ሳሸት። ይኸው አሁን አይሸትም።» ይህንን አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ፤ ሰው እንዳያይብኝ ዘልዬ ሞተሯ ላይ ወጣሁ። በሁለተኛው ምት ተነሳች! ተራው በጭብጨባ ቀለጠ፣ ወዛደሩማ ራሱ የጠገናት ይመስል እጁን እያነሳ ሰላምታ ይሰጣል።

ሐጂ ሱቃቸው ገብተው ቆዩ። ሲወጡ ቁመታቸውን የሚያህል ጥቅል ስፖንጅ አቅፈዋል። «ኮልፌ ያለው ደንበኛዬ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀኝ ነው፤ አንቺ በዚያ በኩል አይደል የምትሄጂው?» አሉኝ። ስፖንጅ፣ በእኔ ሞተር ላይ! ወዛደሩ ሊያስር ሲጠጋ በክንዳቸው ገፋ አደረጉትና፣ ገመዱን ራሳቸው አዙረው ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።